የባልጩቱ ዋሻ አፈር

አባቴ የበርበሬ ችግኝ የሚያፈላበት አፈር ከዋሻ ነበር የሚመጣው። ዋሻው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከጓሯችን ቁልቁል ወንዙን ከሚያየው ገደል ሥር ነው። ዋሻ እንበለው እንጂ ያን ያህል ጥልቀት የለውም፤ ወደ ፊት ወጣ ያለ የድንጋይ ጣሪያ ነው፣ ሃያ ፍየል ከዝናብ ያስጠልላል። ወለሉ አመድ የተቀላቀለበት ልም አፈር ነበር። አባቴ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ ከዚያ ቆፍሮ በጆንያ ያወጣና በወንፊት ይነፋዋል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን አጥንትና ባልጩት ወደ ገደሉ ይደፋዋል። እኔና እናቴ የጆንያውን አፍ ከፍተን እንይዝለታለን። ባልጩቱ እጅ ይቆርጣል። እኔን አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቆርጦኛል። እናቴ ቁስሉን በሻሽዋ ጫፍ እያሰረች «የሰይጣን ምላጭ» ትለው ነበር፣ ሌላ ስም አናውቅለትም።

ያ አፈር ለቤታችን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የመሬት ሽግሽግ የመጣ ዓመት ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ የመረጡት ቄስ ትምህርት ቤት ስለገባና መጻፍ ስለሚችል ብቻ ነው። አዲሶቹ ሹሞች ለደርግ የሠራውን ሁሉ በሚጠሩበት ስም «ቢሮክራሲ» አሉት። ዕድሜውን ሙሉ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ፣ ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ የሚያስደግፍ ሰው ቢሮክራሲ ሆነ። ሜዳው መሬት ተወሰደና ከገደሉ አፋፍ ያለው ጭንጫ ቀረለት። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን በዚያው ዓመት ሸጠው። ጭንጫው ላይ በቆሎውም ዳጉሳውም ከጉልበት አላልፍ አለ። በርበሬው ግን ችግኙ በዋሻው አፈር የፈላ ስለሆነ ያዘ፤ የቡሬ ነጋዴዎች ቀለሙን አይተው ይሻሙበት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የለበስሁት ልብስ፣ የያዝሁት ደብተር ሁሉ ከዚያ በርበሬ የወጣ ነው።

ጎረቤታችንም እንደ አባቴ አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ነበር። ሁለቱ በሬያቸውን አቀናጅተው፣ ሁለት ቀን የእኛን ሁለት ቀን የእሱን እያረሱ ይኖራሉ። መቀናጆ ይባላል፤ አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ባለ አንድ በሬ ሰው ያለ መቀናጆ ገበሬ አይደለም። ሁለቱ ደግሞ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ተረኛው ቤት ተሰብስበው ጽዋውን ይጠጣሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ። የማኅበሩ ሕግ የታወቀ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። አባቴና ጎረቤቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአንድ ጽዋ ጠጥተዋል።

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማርሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ጠፍጣፋ ሣጥን ይዞ ክፍል ገባ። ክዳኑን ሲከፍተው ትንንሽ ባልጩቶች ጥጥ ላይ ተደርድረዋል። በእጅ እንዳንነካቸው አስጠነቀቀን። እነዚህን የሠሯቸው፣ አለ፣ እርሻም ከብትም የማያውቁ፣ አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከትልቅ ድንጋይ ይፈልጡና ጠርዙን በትንሽ በትንሹ ይሸርፉታል፤ በዛፍ ሙጫ ከእንጨት ጋር አጣብቀው ፍላጻ ያደርጉታል፣ ቆዳ ይፍቁበታል። ስማቸውንም ቋንቋቸውንም የሚያውቅ የለም። የምናውቃቸው በድንጋያቸውና በተጠለሉባቸው ዋሻዎች ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ የእነሱን ነገር ብለው የፈለጉ ሰዎች ጥቂት እንደሆኑም ጨመረልን። እኔ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጬ አውራ ጣቴን እያሻሸሁ ነበር። እጄን አውጥቼ «አባቴ ይኸን በወንፊት ነፍቶ ገደል ይደፋዋል» ማለት ነበረብኝ። አፈርሁ። የከተማ ልጆች ይስቁብኛል ብዬ አፈርሁ። ያን ቀን ተናግሬ ቢሆን መምህሩ በእግሩም ቢሆን ይመጣ ነበር እያልሁ ዛሬም እናደዳለሁ፣ የምናደደውም በራሴ ነው።

ተመርቄ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። በመጀመሪያው እረፍት ወደ ቤት ሄጄ ዕቃዬን ሳላስቀምጥ ወደ ዋሻው ወረድሁ። አባቴ ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ ሲቆፍር ወገብ የሚደርስ የአፈር ግድግዳ ትቷል። በዚያ ግድግዳ ላይ ንብርብሩ ይታያል፤ ከላይ የፍየል በጠጥ፣ ከሥሩ ነጭ አመድ፣ ቀጥሎ ቀይ አፈር፣ ቀጥሎ ደግሞ ጥቁር አመድ። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ እያየሁት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ጥቁሩ አመድ ውስጥ እሳት ያጠቆራቸው ሦስት ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ጉልቻ ነው። በመካከላቸው ቅልጥሙ እንዲመጠጥ የተሰነጠቀ አጥንት አለ። ከጎኑ የባልጩት ፍንካች አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሟል፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲፈልጥ ከጉልበቱ ሥር እንደፈሰሰ።

ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ማንም አልሞተብኝም። እዚህ ቦታ ዝናብ ያባረራቸው ሰዎች ድኩላ ጠብሰው በልተዋል፣ ልጆቻቸውን አስተኝተዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ተነሥተው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ገፍቷቸው ይሁን፣ ረኃብ ፈጅቷቸው ይሁን፣ ወይም ከመጡት ጋር ተጋብተው እኛኑ ሆነው ይሁን የሚነግረኝ የለም። የእነሱ ነገር የተረፈው በዚያ ግድግዳ ውስጥ ነበር። ግድግዳውን ደግሞ በርበሬያችን በልቶታል። የተማርሁት በዚያ በርበሬ ስለሆነ እኔም በልቼዋለሁ።

በማግሥቱ አባቴ የችግኝ መደቡን ሲኮተኩት አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አባየ፣ ይኸ የዋሻው አፈር የጥንት ሰዎች ቤት ነው። ካሁን ወዲያ አይቆፍሩት።»

«ሰዎቹ የት አሉ?»

«ሞተዋል እንጅ። ስንት ሺህ ዓመታቸው።»

«እንግዲያ እኛ ገና አልሞትነ» አለና ሣቀ። የእኔ ፊት አለመሣቁን ሲያይ መኮትኮቱን አቆመ። «ልጀ፣ ኸዚህ ጭንጫ ላይ ሌላ ምን አለኝ? ሜዳውን ወሰዱት። ዋሻው የቀረልኝ ያየው ሹም ስለሌለ ነው። አደራሽን ለማንም አታሳይብኝ።»

እሺ አልሁ። እሱም እኔን ደስ ለማሰኘት «ያን ጉልቻ ያልሽውን አልነካብሽም» አለኝ፣ ቃሉንም ጠበቀ። በቀጣዩ መጋቢት ስመጣ ዙሪያውን ቆፍሮ ጉልቻውን ከነአፈሩ ብቻውን አቁሞታል። «ይኸው፣ እንግዶችሽን አልነካሁብሽም» አለኝ፣ ኩራት ኩራት እያለው። ክረምቱ ሲገባ ፍየሎቹ እየወጡበት እየወረዱበት ናዱት። ሳይነካ የቀረው ከኋላ ጥግ ያለው ሦስት ክንድ የማይሞላ ቦታ ብቻ ነበር። አባቴ በሚቆፍርበት ልክ አሰላሁት፤ በሁለት መጋቢት ያልቃል።

በዚያ ክረምት መጨረሻ፣ ፍኖተ ሰላም የኪራይ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። ባለሙያ እንዲመጣ፣ የቀረውን ቆፍሮ እንዲያይ፣ ባለመሬቱም የዋሻው ጠባቂ ሆኖ እንዲቀጠር ጠየቅሁ። ስሜ እንዳይነገር አደራ አልሁ። ክፋት አልነበረኝም፤ አባቴን የጥበቃ ካፖርት ለብሶ ዋሻው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁሉ አይቼዋለሁ። ካፖርቱ ካኪ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝነት በተማረ ሰው ላይ ይብሳል።

የሆነውን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መጣ። ዋሻው ውስጥ ገባና ቀና ብሎ ጣሪያውን ብቻ አየ። «ሥዕል የለውም?» ብሎ ጠየቀ። የለውም ሲሉት ፊቱ ጠቆረ። ከወለሉ ሁለት ባልጩት አንሥቶ ኪሱ ከተተ፣ ደብተሩ ላይ ጥቂት ጻፈ፣ ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበና «ለቅርስ የሚቆረቆር አንድ የአካባቢያችን ተወላጅ በጻፈው ደብዳቤ መሠረት» ብሎ ጀመረ። ዋሻው ተከልክሏል፤ አፈር ማውጣትም ፍየል ማስገባትም አይቻልም። ቢሮክራሲ የነበሩ ግለሰብ የአገር ሀብት ለግል ጥቅማቸው ሲያውሉ ኖረዋል አለ። አባቴ እዚያው ቆሞ ነበር። ሚሊሻዎች የዋሻውን አፍ በቀጋ እሾህ አጠሩት። ባለሙያ የተባለ ሰው ግን ያን ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ለገና ስሄድ አባቴ ነገሩን በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ።

«በዚህ መንደር ፊደል የቆጠርነ ሦስት ነን። ቄሱ ዓይናቸው ኸፈዘዘ ቆየ። እኔ በራሴ ላይ አልጽፍ። ማን ቀረ?»

የቀረው ጎረቤቱ ነበር። ባለፈው ዓመት ከዋሻው አፈር ለራሱ መደብ ጠይቆት አባቴ ሁለት ጆንያ ብቻ ሰጥቶታል። ጎረቤቱ ቅር እንዳለው አባቴ ያኔውኑ አይቶታል። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመለት።

«አንችማ ልጅ ሆነሽ፣ እያወቅሽ ዝም አልሽልኝ» አለኝ። «እሱ በሬየን ኸበሬው ጋር እየጠመደ ሸጠኝ።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ባለሙያዎቹ ሲመጡና ካፖርቱ ሲገኝ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ። በማግሥቱ የእረፍቴ ቀን ሳያልቅ የማርመው ፈተና አለብኝ ብዬ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ። ፈተና አልነበረብኝም።

በመጋቢት አባቴ ችግኙን በተራ አፈር አፈላው። ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ከመደቡ ሳይነሣ አብዛኛው ሞተ። በዚያው ሰሞን የጽዋው ተራ የእኛ ቤት ነበርና ቄሱና ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ሊያስታርቁ ቀድመው መጡ። እኔ የዚያን ዕለት እናቴን ላግዝ መጥቼ ጓዳ ነበርሁ፤ መጋረጃው ስስ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። ጎረቤታችን ተነሥቶ በሚካኤል ስም ማለ። እጄ ያን ወረቀት አልነካችም አለ። አባቴ ግን አልጻፍሁም ያለውን ሰው ይቅር ማለት አልቻለም።

«ጽፌያለሁ ይበልና ዛሬውኑ እግሩን ስሜ እታረቃለሁ» አለ። «ኸካደ ሰው ጋር ግን እንዴት አድርጌ ጽዋ እጠጣለሁ?»

«ያላረግሁትን እንዴት አርጌ አደረግሁ ልበል?» አለ ጎረቤታችን።

ቄሱ ብዙ ለመኑ። በመጨረሻ አባቴ በገዛ ቤቱ፣ ራሱ ያስጠመቀውን ጠላ ሳይቀምስ ተነሥቶ ወጣ። እናቴ እንግዶቹን እያስተናገደች ታለቅሳለች። እኔ የጠላውን ማሰሮ እንደያዝሁ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት እርምጃ ነበር የሚበቃኝ። የወጣሁት እንግዶቹ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰም። ጎረቤታችን በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጀ፤ አይፈረድበትም፣ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። አባቴ ግን መቀናጆ አላገኘም። በየሰዉ ደጅ ሄዶ ጠየቀ፤ አንዱ ተጣማጅ አለኝ ይለዋል፣ ሌላው ከተከሰሰ ሰው ጋር መታየት ይፈራል። በሬው ሲበላ ሲተኛ ከረመ። በሁለተኛው ዓመት ሸጠውና ጭንጫውን ለእኩል አራሽ ሰጠው። ሌላ ሰው መሬቱን ሲያርስ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

የዋሻውም ነገር እንዲህ አለቀ። መንግሥት ለድንጋይ ብሎ ሰው አይልክም፣ ዋሻም አያሳጥርም፣ እዚያ ውስጥ ወርቅ አለ ተባለ። የጥንት ነገሥታት ቀብረውት ነው ያለም ነበረ፣ ጣሊያን ትቶት ሄዶ ነው ያለም። ዋሻው በታጠረበት ዓመት፣ ሑዳዴ ሲጋመስ፣ ጎበዞቹ ዶማና አካፋ ይዘው እሾኹን አነሡ። ጠባቂ የተባሉት ሚሊሻዎችም አብረው ቆፈሩ። በአንድ ሳምንት ዋናው ዓለት ድረስ ጠርገው አወጡት። ስደርስ ያ የኋላው ጥግ የለም። ነጭ አመዱ፣ ቀይ አፈሩ፣ ጥቁር አመዱ ገደሉ ውስጥ አንድ ላይ ተደፍቷል። አባቴ ቢቆፍረው እንኳ ሁለት ዓመት ይቆይ ነበር። ወንዙ ዳር ወርጄ ከድንጋዩ መካከል ጥቂት ባልጩት ለቀምሁ፣ ግን ከየትኛው አመድ እንደወጣ የማይታወቅ ባልጩት ምንም አይናገርም። መልሼ ወረወርሁት። ለእነዚያ ስም የለሽ ሰዎች ብዬ አባቴን አሳልፌ ሰጠሁ፤ እነሱንም አላተረፍሁም።

አባቴ በአራተኛው ዓመት ታመመና ለሕክምና ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ መጣ። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንደሩን ሰው አንድ ባንድ እያነሣ ሲያወራ ቆየና ጎረቤቱ ላይ ሲደርስ ዘለለው።

«አባየ» አልሁት፣ «እሱ ባይሆንስ የጻፈው?»

ዞሮ አየኝ።

«እንግዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ። ጠበቀኝ። ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ።

«እኔ እንጃ» አልሁት፣ ወደ ደብተሩም ተመለስሁ። ማን የቱን መልስ እንደጻፈ አልታየኝም ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ጠርጥሮኝ ይሁን፣ እንዲያው ደክሞት ይሁን፣ አላውቅም። ወሩ ሳያልቅ አገሬ አድርሱኝ አለ፣ አደረስነው፣ እዚያው ሞተ።

ቀብሩ ላይ ጎረቤታችን መጣ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ተራውን ለሌላ አልሰጥም አለ። በአርባው ተዝካር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ዳሱን ሲያቆም ዋለ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲሳሳ ከአጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ጠላ ልቅዳልዎት አልሁት። በቃኝ አለ። መቅጃውን ማሰሮ መሬት አስቀመጥሁና ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁ።

«ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እንዲቆጣኝም ፈልጌ ነበር። ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ የአባቴን ጭንጫ አየ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እኔን ምን ያደርግልኛል፣ ልጀ?» አለኝ። «እኔ እንዳልጻፍሁማ ዱሮም አውቃለሁ። ለሱ ነበር መንገር።»

ተነሥቶ ወደ ዳሱ ገባ።